ከዕቃው ላይ የወረደው ሸክም የት ገባ?

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጠረጴዛ መብራት ገዛሁ። ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ፣ ከላይ እንደ ማስመሪያ የተጋደመ ጠፍጣፋ ብርሃን፣ ከሥር ክብ መቆሚያ፤ በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ብሎን አይታይበትም፣ መገጣጠሚያ አይታይበትም፣ ማብሪያ ማጥፊያም አይታይበትም። ገና ሳየው ልቤ ሄደ። ቤት አምጥቼ ሳቆመው ጠረጴዛው ራሱ የጸዳ መሰለኝ።

ችግሩ የመጣው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ማብሪያው መቆሚያው ላይ ያለች፣ በጣት ሲነኳት የምትሠራ ቦታ ናት። በቀን ደብዘዝ ያለች ነጥብ ሆና ትታያለች፤ በጨለማ ግን ጣት የሚለየው ጉብታም ስርጉድም የላትም። መቆሚያውን በመዳፌ ዙሪያውን ስዳስስ በራ። እጄን ሳነሣ እንደገና ነካሁት መሰለኝ ጠፋ። ሦስተኛ ስነካው ጣቴን ትንሽ አቆይቼ ኖሮ ብርሃኑ ቀስ በቀስ መደብዘዝ ጀመረ። ከዚያ በፊት የነበረኝ አሮጌ መብራት ገመዱ ላይ አንዲት ማብሪያ ነበረችው፤ ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ራሱ ያገኛት ነበር። አዲሱ መብራት ማብሪያዋን ከዓይኔ ሲያነሣልኝ ፍለጋውን ለእጄ ሰጠው።

ቀላል ስለሚባል ዕቃ ከዚያ ወዲህ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህ ነው። አንድ ዕቃ ሲቀልል፣ ከላዩ የወረደው ነገር የት ይሄዳል?

ቃሉ ራሱ ይረዳናል። "ቀላል" ስንል ክብደት የሌለውን ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ የማያስቸግረውንም እንዲሁ ቀላል እንለዋለን። ሦስተኛም ትርጉም አለው፤ ሰው ክብሩን ሲያጣ "ቀለለ" ይባላል። ሚኒማሊዝም የሚባለው የዲዛይን መንገድ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይፈልጋል፣ ማለትም ዓይን ላይም እጅ ላይም የማይከብድ፣ ሲጠቀሙበትም የማያደክም ዕቃ። ሦስተኛው ግን ከጎኑ አይጠፋም። ትንሽ ከተሳተ ዕቃው ይቀላል፣ ርካሽና ያላለቀ ይመስላል፣ ወይም እንደኔ መብራት አምሮ ያስቸግራል።

ላሪ ቴስለር የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1980ዎቹ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዱ ሥራ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል የውስብስብነት መጠን አለው፤ ስለዚህ ጥያቄው ያንን ማን ይሸከመው የሚለው ነው፣ ሠሪው ወይስ ተጠቃሚው? ቴስለር ያሰበው ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። እኔ ግን ለወንበርና ለመብራት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ጥሩ ሚኒማሊዝም ሸክሙን ወደ ሠሪው ይወስዳል። መጥፎው በጸጥታ ተጠቃሚው ትከሻ ላይ ያደርገዋል፤ ከሩቅ ሲታዩ ደግሞ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ሚኒማሊዝም ሲባል የብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ባዶ ጠረጴዛና አንድ ቅርንጫፍ የያዘ ብርጭቆ ነው። ይህ መልኩ ነው፤ ሥራው ሌላ ነው። ስሙ የተስፋፋው ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ዓለም ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሪቻርድ ዎልሃይም በ1965 ስለ እንዲህ ዓይነቱ ጥበብ ጽፎ ነበር፤ እንደ ዶናልድ ጀድ ያሉ አሜሪካውያን አርቲስቶችም በዚያው ዘመን ምንም ጌጥ የሌላቸውን የብረትና የእንጨት ሳጥኖች ይሠሩ ነበር። ልማዱ ግን ከስሙ በጣም ይቀድማል። በአሜሪካ የነበሩት ሼከር የሚባሉ ሃይማኖተኞች በ19ኛው መቶ ዘመን ክፍሎቻቸውን ዙሪያውን በእንጨት ማንጠልጠያ ከበው ነበር። ወለሉ ሲጠረግ ወንበሮቹን አንሥተው እዚያ ይሰቅሏቸዋል። ወንበሩ የተሠራው ለመቀመጫ ብቻ አልነበረም፤ ተነሥቶ ለመሰቀልም ታስቦ ነበር፣ ስለዚህም ቀጭንና ቀላል ሆነ። ቅርጹ የመጣው ከጠዋት ጽዳት ነው ማለት ይቻላል።

ጌጥ ሲነሣ ምን እንደሚፈጠር ለማየት ግን ወደ ታች መመልከት ይበቃል፣ ግድግዳና ወለል ወደሚገናኙበት ቦታ። ብዙውን ጊዜ እዚያ ዞኮሎ የሚባል ቀጭን ጣውላ አለ። ዞኮሎ ግድግዳውን ከመጥረጊያና ከእግር ምት ይጠብቃል፤ ዋናው ሥራው ግን መሸፈን ነው። ልስን እስከ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ አይወርድም። የእንጨት ወለል ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚሰፋ ከግድግዳው ጋር እስኪነካካ አይገፋም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለታል። የልስኑ ማዘንበልም የወለሉ ክፍተትም ዞኮሎው ሥር ይገባሉ፤ ማንም አያያቸውም።

አሁን ዞኮሎውን አንሡት። "ጌጥ አያስፈልግም፣ ንጹሕ መስመር እንፈልጋለን" ያለ ሰው ያንን ሁሉ ጉድለት ገልጦ ሊያየው ነው። እንዳይታይ ከፈለገ ልስኑ እስከ መጨረሻው ጫፍ ቀጥ ማለት አለበት፤ ወይም ከመለሰኑ በፊት ግድግዳው ሥር ቀጭን የብረት ቦይ ተገጥሞ ግድግዳውና ወለሉ ሳይነካኩ በጥላ መስመር እንዲለያዩ ይደረጋል። ይህ ውሳኔ ደግሞ ዘግይቶ አይወሰንም። ዞኮሎ በመጨረሻው ቀን ሊመጣ ይችላል፤ የጥላ መስመር ግን ልስኑ ሳይጀመር መታሰብ አለበት። አንድ ጣውላ ተቀነሰ፤ ፋንታው ሦስት ባለሙያዎች ቀደም ብለው መነጋገር ነበረባቸው።

የቁም ሣጥን በርም እንዲሁ ነው። በጠርዙ ላይ ጌጠኛ እንጨት የተለጠፈበት በር ሁለት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ማንም ልብ አይልም፤ ዓይን በጌጡ ላይ ሲንሸራሸር ክፍተቱን አይቆጥረውም። ለስላሳና ልሙጥ በሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን በመካከላቸው ያለው ቀጭን መስመር ብቸኛው የሚታይ ነገር ይሆናል። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ከክፍሉ ማዶ ይታያል። እጀታውንም ካነሣችሁ በሩ በምን ይከፈታል? ወይ ጠርዙ በሰያፍ ተቆርጦ ጣት የሚገባበት ቦታ ይበጅለታል፣ ወይ ሲገፉት ተስፈንጥሮ የሚከፈት ሞላ ከውስጥ ይገጠምለታል። ሞላው አንድ የሚበላሽ ነገር ጨመረ። መገፋቱ ደግሞ በየቀኑ የጣት አሻራ ያተርፋል፤ በተለይ ጥቁርና ደብዛዛ ቀለም ላይ። እኔ በግሌ የተቆረጠውን ጠርዝ እመርጣለሁ፤ የሚለቅ፣ የሚያረጅ ነገር የለበትም፤ በሩ የት እንደሚያዝም ሳይናገር ያሳያል።

ስለዚህ ጌጥን መናቅ አልችልም። ጌጥ ብዙ ጊዜ ለአናጺው የተሰጠ ትንፋሽ ነው፣ እጁ ስትስት የሚሸፍንለት። ልሙጥ ዕቃ ያንን ትንፋሽ ይነሣል። በጥድፊያና በቸልታ የተሠራ ልሙጥ ዕቃ በጥድፊያ ከተሠራ ባለ ጌጥ ዕቃ የባሰ የሚያስጠላውም ለዚህ ነው፤ መደበቂያ የለውም።

ወንበር ላይ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል፣ ምክንያቱም ወንበር ሰው ይሸከማል። የወንበር ሠሪው ሚካኤል ቶኔት በ1859 ያወጣው 14 ቁጥር ወንበር 6 የእንጨት ክፍሎች፣ 10 ብሎኖችና 2 ዳዶዎች ብቻ ነበሩት። ተፈትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር፤ እስከ 1930 ድረስ በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጧል። ቅለቱ የተገኘው በእንፋሎት ነው። የቢች እንጨት በእንፋሎት ሲርስ ይታጠፋል፤ ነገር ግን ሲታጠፍ የውጭው ጎን ይለጠጥና ይሰነጠቃል። ቶኔት በውጭው ጎን ቀጭን የብረት ሰቅ እያሰረ አጠፈው። ሰቁ ስለማይለጠጥ እንጨቱም እንዳይለጠጥ ይይዘዋል፤ መታጠፉ ሁሉ ወደ ውስጥ በመጨመቅ ይሆናል፤ እንጨት ደግሞ መለጠጥን አይችልም እንጂ መጨመቅን ይችላል። አናጺ ቀርጾ፣ በማጣበቂያና በመጋጠሚያ ይሠራው የነበረ የወንበር ጀርባ አንድ የታጠፈ ዘንግ ሆነ። የጠፋው ሥራ ወደ እንፋሎት ክፍሉና ወደ ብረት ቅርጹ ገባ።

ከሁሉም ይልቅ የምወደው ግን የፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ በርጩማ ነው፣ የ1933ቱ፣ 60 ቁጥር የሚባለው። ክብ መቀመጫና ሦስት እግር። ሕፃን ልጅ በርጩማ ሣል ቢባል የሚሥለው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ እጄ ገብቶ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ገልብጦ ማየት ልምዴ ነው፣ የዕቃ እውነት ከሥሩ ነው ያለው። እግሩ ከታች እስከ ላይ ወጥ የበርች እንጨት ነው፤ ወደ መቀመጫው ሲደርስ ግን 90 ዲግሪ ታጥፎ በመቀመጫው ሥር ይተኛል። የታጠፈበትን ቦታ ከጎኑ ስታዩት በእንጨቱ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ መስመሮች ይታያሉ። እንዲህ ነው የተሠራው፦ የእግሩ ጫፍ እንደ ማበጠሪያ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ በየስንጥቁ ስስ የእንጨት ሉህ ከኮላ ጋር ገብቶ፣ ከዚያ ታጥፎ እስኪደርቅ ተይዟል። ኮላው ከደረቀ በኋላ ሉሆቹ ወደ ኋላ መንሸራተት ስለማይችሉ እንጨቱ ታጥፎ ይቀራል።

ይህ አንድ መታጠፊያ ስንት ነገር እንዳስቀረ ተመልከቱ። በተራ በርጩማ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኘው በቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ይላላል፣ ስለዚህ እግሮቹን የሚያያይዝ ማገር ያስፈልጋል። የአልቶ እግር ግን ራሱ ስለሚታጠፍ በቪቴ ከመቀመጫው ሥር ይታሰራል፤ ቀዳዳም ማገርም አያሻውም። ማገር ስለሌለ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፤ ሲቆለል እግሮቹ እየተዛወሩ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይወጣሉ። ቀዳዳው፣ ማገሩ፣ የመላላቱ ስጋት፣ ቦታ መያዙ፣ ሁሉም በዚያች የታጠፈች ቦታ ውስጥ ገብተዋል። የተቀመጠበት ሰው ከዚህ አንዱንም ማወቅ አይጠበቅበትም።

በዚያው ዘመን የብረት ቱቦ መጣ። ማርሴል ብሮየር በ1925 ከወፍራም ትራስና ከከባድ እንጨት የራቀ ወንበር ሲያስብ ያየው የብስክሌቱን መሪ ነበር፤ እንዲያ የሚታጠፍ፣ እንዲያ የሚጠነክር ቱቦ ለምን ወንበር አይሆንም አለ። ማርት ስታም ደግሞ የጋዝ ቧንቧ አገጣጥሞ የኋላ እግር የሌለው ወንበር ሞከረ። የኋለኛው ዓይነት ከኋላው ምንም ድጋፍ ስለሌለው ሲቀመጡበት በትንሹ ይወዛወዛል፤ ትራስና ሞላ የሚሠሩትን ሥራ ብረቱ ራሱ ይሠራዋል።

ብሮየር ያስተማረበት ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት በ1919 በቫይማር በዋልተር ግሮፒየስ ተመሠረተ፤ ወደ ደሳው፣ ኋላም ወደ በርሊን ተዛውሮ በ1933 ተዘጋ። ስለ እርሱ ብዙ ተብሏልና አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በ1924 ቪልሄልም ቫገንፌልድና ካርል ያኮብ ዩከር በትምህርት ቤቱ የብረት ወርክሾፕ አንድ የጠረጴዛ መብራት ሠሩ፦ ክብ መሠረት፣ ቀጥ ያለ ምሰሶ፣ እንደ ግማሽ ኳስ የተደፋ ወተት መልክ ብርጭቆ፣ የምትሳብ ትንሽ ሰንሰለት። ፋብሪካ በሺህ የሚያወጣው ዕቃ ይመስል ነበር። ግን በእጅ የተሠራ፣ ብዙ ሰዓት የፈጀና ውድ ነበር። ቫገንፌልድ ኋላ እንደተናገረው፣ በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ነጋዴዎች ይህን አይተው ስቀውባቸዋል፤ የማሽን መልክ ያለው የእጅ ሥራ። ያን ጊዜ ሳቁ ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ። መልኩ ቀድሞ ደርሶ፣ አሠራሩ ገና ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ቫገንፌልድ ትምህርቱን ወስዶ የቀረውን ዕድሜውን ፋብሪካ ለሚያወጣው ብርጭቆና ዕቃ ሰጠ።

መብራት ላይ ስንደርስ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፣ ምክንያቱም እዚህ የሚሠራው ዕቃ ሁለት ነው። አንዱ የምናየው ብረትና ብርጭቆ ነው፤ ሌላው የሚያወጣው ብርሃን ነው። ብረቱ በጣም ቀልሎ ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ ከሆነ መብራቱ አልቀለለም። ራቁቱን በገመድ የተንጠለጠለ አምፖል በዓለም ላይ ካሉት መብራቶች ሁሉ ትንሽ ነገር ያለው ነው፤ ሥሩ መቀመጥ ግን ያሰቃያል።

ይህን በደንብ የተረዳው ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን ነው (1894–1967)። ያደገው በጋዝ መብራት ለስላሳ ብርሃን ነበርና የኤሌክትሪክ አምፖል ሲመጣ ዓይን መውጋቱ አስጨነቀው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከሉዊስ ፖልሰን ኩባንያ ጋር ሦስት ሽፋን ያለው መብራት አወጣ። ሽፋኖቹ ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ ጥምዝነታቸው ከአንድ የሒሳብ ጥምዝ የተወሰደ ስለሆነ ብርሃኑ በየትኛውም ቦታ ሲያርፍ በተመሳሳይ ማዕዘን ያርፋልና በእኩል ይበተናል። ከየትኛውም ወገን ብትቀመጡ አምፖሉን አታዩትም፤ ብርሃኑን ግን ታገኛላችሁ። በ1958 የወጣው የኋለኛው መብራቱ፣ ትልቁ ሽፋኑ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ስሙንም ፒኤች 5 ከዚያ ያገኘው፣ በውስጡ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ ትናንሽ ቦታዎች አሉት። ከውጭ አይታዩም። ብርሃኑን ቀስ አድርገው ያሞቁታል፣ ያለሰልሱታል እንጂ ራሳቸው አይታወቁም።

የሄኒንግሰን መብራት በመልኩ ብዙ ሽፋን ያለው ነው፤ "ሚኒማሊስት አይደለም" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከእርሱ ሥር የሚቀመጥ ሰው ዓይኑን ማጥበብ፣ ወንበሩን ማዞር፣ ጥላውን መሸሽ አያስፈልገውም። በሰውየው ላይ የቀረ ሥራ የለም፤ ይህ ከተሟላ ሽፋኑ ሦስት ቢሆን ስድስት ቁጥሩ አያሳስበኝም።

ኢሳሙ ኖጉቺ ተመሳሳዩን ችግር በወረቀት ፈታው። ከ1951 ጀምሮ በጃፓን ጊፉ ከተማ በቀርከሃ ክርና ዋሺ በሚባል የጃፓን ወረቀት የሠራቸው አካሪ መብራቶች አምፖሉን ሙሉ በሙሉ ይከቡታል፤ ብርሃኑ ከወረቀቱ እንጂ ከአምፖሉ የሚመጣ አይመስልም። ሲጣጠፉም ጠፍጣፋ ሆነው በፖስታ ይላካሉ።

የሪቻርድ ሳፐር ቲዚዮ መብራት፣ የ1972ቱ፣ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በሚንቀሳቀስ የጠረጴዛ መብራት ላይ ገመዱ ችግር ነው፤ በየመታጠፊያው ይሽከረከራል፣ ይጎተታል። ሳፐር በመቆሚያው ውስጥ ትራንስፎርመር አስቀምጦ ኤሌክትሪኩን ወደ ዝቅተኛ ቮልት አወረደው። ያን ጊዜ የመብራቱ ክንዶች ራሳቸው ኤሌክትሪክ ቢያስተላልፉ እጅ የሚጎዳ አልሆነምና ገመድ ጠፋ። ክንዶቹን የሚያቆሙትም ክብደቶች ናቸው፣ ሞላ የለም፤ በአንድ ጣት ይነሣሉ፣ ባሉበት ይቆያሉ። ያ ትራንስፎርመር ከባድ ነው፤ ግን ከባድ መሆኑ ራሱ መቆሚያውን እንዳይወድቅ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ስመለከት እደሰታለሁ፤ አንዱ ሸክም የሌላውን ሥራ ይሠራል።

ጣሊያናዊው አኪሌ ካስቲሊዮኒ በ1971 ባወጣው ፓረንቴዚ መብራት (ሐሳቡ የጀመረው በ1969 ከሞተው ከፒዮ ማንዙ ነው) ከጣሪያ እስከ ወለል አንድ ሽቦ ይወጠራል፤ በሽቦው ላይ እንደ ቅንፍ የታጠፈ ቱቦ ይንሸራተታል፤ ስሙም "ቅንፍ" ማለት ነው። ቱቦውን በእጅ ወደ ላይ ትገፉታላችሁ፣ ስትለቁት በሰበቃ ኃይል ብቻ ይቆማል። ማሰሪያ ብሎን የለውም። ሽቦው ቀጥ ማለት ሲፈልግ ቅንፉ አጥፎ ይይዘዋል፣ መያዣው ያ ጠብ ራሱ ነው። ከወንድሙ ከፒየር ጃኮሞ ጋር በ1968 የሠራውን ደግሞ ብዙ ሰው ዲዛይን መሆኑን ሳያውቅ ተጠቅሞበታል፦ በመብራት ገመድ መካከል የምትገባ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ። በሚሊዮን የሚቆጠር ተሽጧል። ካስቲሊዮኒ ከሥራዎቹ ሁሉ በእርሷ ይኮራ ነበር፤ ሰዎች ማን እንደሠራት ሳያውቁ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ለጥቅሟ ብቻ ስለሚገዟት። የእኔ አሮጌ መብራት ገመድ ላይ ያለችውም የዚያችው ዘመድ ናት።

ጀርመናዊው ዲተር ራምስ በ1955 ብራውን የተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ ከገባ በኋላ ስለሠራቸው ሬዲዮኖችና ማሽኖች ሲወራ ብዙ ጊዜ ነጭነታቸው ይነሣል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁልፎቹ ናቸው። ከዲትሪሽ ሉብስ ጋር የሠራው የ1987ቱ የሒሳብ ማሽን ቁልፎቹ ክብና ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ጣት አንዱን ከሌላው ሳያይ ይለያል። አብዛኞቹ ጥቁርና ቡናማ ሲሆኑ "እኩል ነው" የሚለው ብቻ ቢጫ ነው፣ በመጨረሻ የሚነካው እርሱ ስለሆነ። ቁልፍ አልተደበቀም፤ ተራ በተራ ተቀመጠ። "በተቻለ መጠን ትንሽ ዲዛይን" የሚለው የራምስ መመሪያ ብዙ ጊዜ "ደብቅ" ተብሎ ይነበባል፤ ሥራዎቹ ግን እንዲህ አይሉም። በ1960 ለቪትሶ ኩባንያ የሠራው መደርደሪያም የአሉሚኒየም ሐዲድ ግድግዳ ላይ ተገጥሞ መደርደሪያዎቹ በፒን የሚሰኩበት ነው፤ ቤት ሲለወጥ ተነቅሎ ይሄዳል፣ መጽሐፍ ሲበዛ ይጨመርበታል፣ ዛሬ የሚሠራው መደርደሪያ ከ1960ው ጋር ይገጥማል። በዚህ ዓይነት ዕቃ ቀላልነት በዓመታት ውስጥ ይገለጣል።

ጃፓናዊው ናኦቶ ፉካሳዋ ሙጂ ለሚባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራው የሙዚቃ ማጫወቻ ደግሞ ማብሪያው ገመድ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነጭ ካሬ፣ መካከሉ የሚሽከረከር ዲስክ፣ ከሥሩ የተንጠለጠለ ገመድ። የአየር ማናፈሻ ይመስላል፤ ያየው ሰው ሁሉ ሳይነገረው ገመዱን ይስባል። ማስተማሪያ ወረቀት ያስቀረ ቀላልነት ይህ ነው።

ወደ መብራቴ ልመለስ፤ ከንክኪው የባሰ ነገር ነበረና። ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ ብርሃኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያም ሞተ። አምፖሉን ልቀይር ብዬ አገላበጥኩት፤ አምፖል የለውም። ኤልኢዲ የሚባሉት ትናንሽ ብርሃን ሰጪዎቹ ከዘንጉ ጋር ተጣብቀው ቀልጠው ተዘግተዋል። ብሎን የማይታየው ስለተደበቀ ሳይሆን ስለሌለ ነው። የወደድኩለት ንጹሕነት እንዳይጠገን ያደረገው ነገር ነበር።

ኤልኢዲ ራሱ ዕድሜ አያንሰውም። ደህና የሆነ ኤልኢዲ 25,000 ሰዓት ይሠራል ይባላል፤ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 13 ዓመት ያልፋል። የሚሞተው ብዙ ጊዜ ኤልኢዲው አይደለም፤ ኤሌክትሪኩን ለእርሱ የሚያስተካክልለት ትንሽ ሰሌዳ ነው፣ በተለይ በላዩ ያሉት፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች። ሙቀት ይፈጃቸዋል። ቀጭን፣ ዙሪያው የተዘጋ መብራት ደግሞ ሙቀት የሚወጣበት የለውም። ቀጭንነቱ ዕድሜውን በላው ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ አምራቾች ብርሃን ሰጪውና ተቆጣጣሪው ሰሌዳ በተለመደ መሣሪያ፣ ዕቃውን ሳያበላሹ እንዲቀየሩ ማድረግ አለባቸው፤ ቴክኒካዊ ምክንያት ካላቸው በስተቀር። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ጥገናም የዕቃው ሸክም አካል ነው፤ ሲከለከል ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ወደ መጣያ ይወስደዋል።

አሁን መብራት ስገዛ መጀመሪያ የማየው ጀርባውንና ሥሩን ነው። አምፖሉ ይወጣል? ብሎን አለው? ማብሪያውን ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ አገኘዋለሁ? ከዚያ አብርቼው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከሥሩም ከጎኑም አየዋለሁ፤ ብርሃን የሚያመነጨው ነጥብ ዓይኔ ውስጥ ከገባ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር እተወዋለሁ። በማሸጊያው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮችም ይጠቅማሉ። አንዱ በኬልቪን የሚሰጠው የብርሃኑ መልክ ነው፦ 2700 ቢጫ ቢጫ፣ ሞቅ ያለ፣ ለማረፊያ ክፍል የሚስማማ፤ 4000 ነጣ ያለ፣ ለሥራ የሚሆን፤ 6500 ሰማያዊ የሚያዘነብል፣ ማታ ለቤት የማይመች። ሁለተኛው ቀለምን ምን ያህል እንደ ተፈጥሮው እንደሚያሳይ ከ100 የሚለካው ነው። 90 ከሆነ የፊት ቀለምና የእንጨት ቀለም ሕይወት ይኖራቸዋል፤ 80 ላይ ደግሞ በደንብ የተሠራ የእንጨት ጠረጴዛ እንኳ አመድ የነካው ሊመስል ይችላል። ልሙጥ ክፍል ውስጥ ይህ ይበልጥ ይታያል። ጌጥ የሌለበት ክፍል የሚታይ ነገር አንድ ብቻ ቀርቶታል፣ እርሱም ብርሃን በእንጨትና በልስን ላይ ሲያርፍ ነው።

ወንበርም ሲሆን እገለብጠዋለሁ። መደርደሪያ ሲሆን ሌላ ቦታ ተነቅሎ ይተከል እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሰዎች ቤታቸውን ለማቅለል ብለው ደህና ዕቃ አውጥተው ጥለው ቀጭንና ነጭ በሆነ አዲስ ዕቃ ሲተኩት አዝናለሁ፤ ከዕቃ ሁሉ ትንሽ ሸክም ያለው ቀድሞ ቤት ውስጥ ያለውና ገና የሚሠራው ነው።

የተዘጋው መብራት አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ዘንጉን ቆርጦ በውስጡ ያለውን ሰሌዳ የሚቀይርልኝ ባለሙያ እፈልጋለሁ። አሮጌውን ከዕቃ ቤት አውጥቼ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ገመዱ ይታያል፣ አንድ መጋጠሚያውም ትንሽ ዝጓል። ትናንት ሌሊት ተነሥቼ እጄን ስሰድ ማብሪያዋ ከነበረችበት ነበረች።